ስድስቱ ዓረፍተ ነገሮች

ተክሌ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ጨረሰ። አንዴም አልተንተባተበም። በስልካቸው የሚቀርጹት መምህር ፊልጶስ «በቃ፣ ቆንጆ ወጥቷል» ሲሉ የፊልም ክበቡ አባላት አጨበጨቡ። አንዱ «ቀውጠኸዋል» አለው። ስንዱ ብቻ እጆቿን ኪሷ ውስጥ እንደከተተች ቀረች።

የመካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚሠሩት አጭር ፊልም ከማይታወቅ አገር ወደ አንድ መንደር ስለመጣ እንግዳ ነው። የሚናገረው ለማንም ስለማይገባ የመንደሩ ሰዎች ይፈሩታል። እንግዳውን ሆኖ የሚተውነው ተክሌ ነው።

«የአንድን ሕዝብ ቋንቋ ብንሰጠው ተመልካቹ ‹እነ እንትና ናቸው› ይላል» ብለው ነበር መምህሩ ሲጀምሩ። «ኤስፔራንቶ ግን የተለያየ አገር ሰው እንዲግባባበት የተፈጠረ ነው፤ የማንም አገር አይደለም። ፊልም ሠሪዎችም አንዳንዴ ለዚሁ ይጠቀሙበታል።»

ስንዱ በስልኳ ትንሽ ተምራ ስለነበር የእንግዳውን ንግግር እንድትተረጉም ተሰጣት። ከአሥሩ ዓረፍተ ነገሮች አራቱን በትክክል ሠራች። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ቀኑ ሲደርስባት የቀሩትን ስድስቱን ለጆሮ ደስ እንዲሉ አድርጋ ከራሷ ፈጠረች። ማን ያውቅብኛል ብላ።

ከቀረጻው በኋላ ከተክሌ ጋር በገብስ ማሳው ዳር ወደ ቤት ሲሄዱ፣ እሱ ደብተሩን አወጣ።

«ስንዱ፣ በ... በናትሽ አንድ ነገር ንገሪኝ። በአማርኛ ምላሴ ይያዛል። በዚህኛው ግን አይያዝም። ራሴ አንድ መስመር ልጽፍ ነው። ‹ሎሪና ሜሉ› ማለት ‹ልቤን እዩት› ነው ካልሽኝ፣ የ... የትኛው ነው ‹ልብ›?»

በደብተሩ ላይ ቃላቱን በአንድ በኩል፣ ትርጉማቸውን በሌላ በኩል በጥንቃቄ ደርድሯል። «ሎሪና» ብትለው ይጽፈዋል። ማታም ያጠናዋል።

«ልብ ማለት አይደለም» አለች። «ምንም ማለት አይደለም። ስድስቱን ከራሴ ነው የፈጠርኳቸው።»

ተክሌ ደብተሩን አየ። ጆሮው ቀላ።

«ሚ ቬናስ ኩን ፓትሶ» አለ ቀስ ብሎ። «ይ... ይህችስ?»

«እሷ እውነት ናት። በሰላም መጣሁ ማለት ነው። አራቱ እውነት ናቸው።»

ትቷት ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ ቆመ። «መምህር ፊልጶስ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። አሁን ተመልሼ እነግራቸዋለሁ። ይቆጡኛል።»

ተክሌ ፊቱን ሳያዞር «እንደገና እን... እን...» አለ። ቃሉ ተያዘበት። ስንዱ ሊል ያሰበውን ብታውቅም አልጨረሰችለትም፤ ቆማ ጠበቀች።

«እንቀርጻለን» አለ በመጨረሻ።

ስንዱ ቦርሳዋን አስተካክላ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰች።