ወደ ቀኝ የዞረ ቀስት

«አንድ ሐበሻ ሞቶባችኋል፣ ነይ» ብሎ ነበር መርማሪ ማሕጁብ በስልክ የጠራት። ሰላም እንኳ አላላትም።

ሸዋዓለም አዲስ አበባ ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ካርቱም ከተሰደደች ወዲህ ለፖሊስ ታስተረጉማለች። ማሕጁብ ምላሷን ይጠላል፣ ዓይኗን ግን ይፈልገዋል። እሷም ብትሆን ዓይኑን ለማየት አትፈልግም። አርካዊት የተባለው የካርቱም ሰፈር ስትደርስ መምህር ሰይፈሚካኤል ከግቢው የብረት ደረጃ ሥር አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። ሽማግሌው በጦርነቱ ጊዜ እንኳ ቤቱን ጥሎ አልሄደም፤ ላይኛዋ ክፍል ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሂሳብ ያስተምር ነበር። በአገሯ ሰው ላይ የተጣለውን ቆሻሻ አንሶላ ስታይ ደሟ ፈላ።

«ወድቆ ነው?»

«ተገፍቶ ነው። የሸሚዙ ቁልፎች ተበጥሰው እላይ፣ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተገኙ። ገዳይዋን ይዣታለሁ፤ ከምሳ በኋላ ለዐቃቤ ሕግ አስረክባታለሁ። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ ከእጄ ወጣ።»

«ገዳይዋ» ሚያር ነበረች፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት፣ አባቷ ሱዳናዊ፣ የሟቹ ጎበዝ ተማሪ። ማስረጃው ላይኛው ክፍል ያለው ጥቁር ሰሌዳ ነው። በጥሩ የዐረብኛ ጽሕፈት አንድ መስመር ተጽፎበታል፤ ግራ ላይ «ተርታው»፣ ቀኝ ላይ «መድረሻው»፣ በመካከላቸው ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት።

«ሰውዬው ሁልጊዜ ማታ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ያጸዳል፤ ስለዚህ ይህ የትናንት ነው» አለ ማሕጁብ። «ይህን ትምህርት በዐረብኛ የምትጽፍለት እሷ ብቻ ናት፤ ትናንት ግን አልመጣሁም ትላለች። ውሸታም!»

ሸዋዓለም ቀስቱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ብርድ ልብስ አምጥታ ሰሌዳውን ሸፈነችና ማንም እንዳይገባ በሩን ዘጋች።

ሚያር ግቢው ጥግ አሸዋው ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እኔ ትናንት አልመጣም፣ ወላሂ!» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ።

«ምን ነበር የሚያስተምርሽ?»

«ፋንክሽኖች። ጋሼ ሰይፌ ‹ሰፈር አላቸው› ይላል። እዚህ ሰፈር የሚኖር ያልተሰበረ መስመር ብቻ ነው።» በጣቷ አሸዋው ላይ ዘንበል ያለ መስመር ሳለች፤ ቀጥሎ ቀና ያለ፣ ቀጥሎ የባሰ ቀና ያለ። «በመካከል ያለውን ስፋት ለኪ። እያነሰ ይሄዳል፤ ይቀራረባሉ። መጨረሻው ግን ዝላይ ነው፣ ይሰበራል። የተሰበረ ደግሞ እዚህ ሰፈር የለም።»

«የመስመሮቹ ተርታ ተቀራርቦ ተቀራርቦ የሚደርስበት ቤት ሰፈሩ ውስጥ የለም ማለት ነው?»

«አይዋ፣ አዎ! ቀዳዳ። የጋሼ ወልደሥላሴ ሥራ ውስጥ ያን ቀዳዳ ያገኘው እኔ ነኝ።»

ወልደሥላሴ ከረባቱን አስሮ ለለቅሶ መጥቷል። የሟቹ የስደት ጓደኛ ነው፤ አገር ቤት ሂሳብ አስተማሪ ነበር፣ እዚህ የዐረብኛ ሰነድ እየተረጎመ ይኖራል።

«ይህን ግቢ ከረገጥኩ ወር አልፎኛል» አለ፣ ሳይጠየቅ።

«ሥራዎ ቀዳዳ አለበት ይባላል።»

«ማን ነው የሚለው? ያቺ ግሥ እንኳ ማርባት የማትችል? ርቀት በስፋት ይለካል፣ አለቀ! ዕድሜዬን የፈጀሁበትን ሥራ የትናንት ልጅ አታፈርሰውም!»

የቤቱ ባለቤት በክሪ ፊቱን አኮሳትሮ ነው የመለሰላት። «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ፤ ውጣልኝ ብዬ ጮኼበታለሁ። አልገደልኩትም። የዐረብኛ ፊደል ስለማያውቅ የሚመጣለትን ወረቀት ሁሉ የማነብለት እኔ ነበርኩ።»

ሸዋዓለም ሦስቱንም ላይኛው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ማሕጁብ ደጋግሞ ሰዓቱን ያያል። እሷ ጠመኔ አንስታ የክፍሉን የብረት በር አሳየቻቸው።

«‹ተርታው ወደ መድረሻው ይሄዳል› የሚለውን በዐረብኛ፣ በቀስት ጻፉልኝ።»

በክሪ እያጉረመረመ ጻፈ፤ ተርታውን ቀኝ፣ መድረሻውን ግራ፣ ቀስቱን ወደ ግራ። ሚያርም እንደዚያው አደረገች። ወልደሥላሴ ከት ብሎ ሳቀ።

«ሁለቱም ገለበጡት! ቀስት ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። የኔን ሥራ የምታርመው ይቺ ናት?»

ሸዋዓለም ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

«ሟቹ የዐረብኛ ፊደል አያውቅም፤ ስለዚህ የጻፈው እሱ አይደለም» አለች። «ሚያር ሂሳብን ከአንደኛ ክፍል ጀምራ በዐረብኛ ነው የተማረችው፤ ቀስቷ እንደ ፊደሏ ወደ ግራ ይሄዳል። የበክሪም እንዲሁ። ዐረብኛውን አሳምሮ የሚጽፍ፣ ሂሳብ ሲነካ ግን እጁ በለመደው በአገር ቤቱ መንገድ የሚሄድ ከእናንተ ማን ነው? ጋሽ ወልደሥላሴ፣ ወዳጅዎን ገፍተው ጣሉ፤ ከዚያ ሥራዎን የነቀፈችውን ልጅ ሊያሳስሩበት በፊደሏ ጻፉ። ቀስቱ ግን የእርስዎ ነው።»

«በልጅ ፊት አዋረደኝ!» ብሎ ጮኸ ወልደሥላሴ። «ጠርቶኝ መጣሁ፤ ገና ደጃፉ ላይ ‹መለኪያህን…› ብሎ ጀመረ። እንደገና ሊሰድበኝ! አላስጨረስኩትም።»

ሚያር ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። ያን ቀን «እርስዎ» ማለት ጠፍቷት ይሁን ጠልታው፣ አልታወቀም።

«መለኪያህን ቀይር ሊልህ ነበር» አለች። «በስፋት አትለካ፤ መስመሮቹ በጣም የሚራራቁበትን ቦታ ለካ። ያኔ ቀዳዳው ይዘጋል። ሥራህ ይድናል። ባለፈው ለእኔ ሲነግረኝ እንዴት ደስ ብሎት ነበር!»

ወልደሥላሴ አሸዋ የነካካውን ጣቷን አየ፤ ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ በልቡ ሲያሰላ ቆየ። ስሌቱ ሲደርስለት «ልክ ናት፣ ይዘጋል» አለ።

«ያላ» አለ ማሕጁብ፣ ክንዱን ይዞ። በብረቱ ደረጃ ላይ ደግፎ አወረደው።