ስድስተኛው ባትሪ

በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ናስር ጎንደር ፒያሳ ወዳለው የሐጂ ዐብዱረሕማን የመኪና ዕቃ መደብር ለዘጠነኛ ጊዜ መጣ። የሐጂ ልጅ ሰልማ ቆጥራለች። ሻጯ እሷ ናት፤ ዕቃውን ሁሉ አብጠርጥራ ታውቃለች፤ ናስር ሲገባ ግን እጇን የት እንደምታደርገው ይጠፋታል።

ናስር ማራኪ ሰፈር ባለው ዩኒቨርሲቲ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነው። በተከራየበት ግቢ አንዲት አሮጌ ቮልስ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም እንድትሄድ አድርጎ እየሠራ ነው። ሞተሩ ተገጥሟል፣ ሽቦው ተዘርግቷል። የቀረው ባትሪ ነው፤ ስድስት ባትሪ፣ አንድ ላይ የሚያያዝ።

«ይኼኛው ስንት ኪሎ ነው?»

«ሃያ አምስት። ባለፈውም ሃያ አምስት ነበር።»

«ውሃ የማይጨመርበትስ?»

«እሱ ይሻልሃል፤ ዳገት ላይ ቢንገጫገጭ አሲዱ አይፈስም። ግን ስድስቱም አዲስ ይሁኑ። አንድ አሮጌ ከገባ አምስቱንም ይዞ ይሞታል።»

«እስቲ ላስብበት።»

ሐጂ በር ላይ አንድ ባትሪ እየፈተሹ ነበር። ሳይፈትሹ አይሸጡም፤ የመኪና አምፑል ያስሩበትና ሶላታቸውን ሰግደው ይመለሳሉ። አምፑሉ ካልደበዘዘ ይሸጣል። ቀና ብለው፣ «ወይ ጉድ! ይኼ ልጅ ሚስት ሲመርጥማ እኛ አርጅተናል!» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ሌላ ቀን ቢሆን ሰልማ ትስቅ ነበር። ትናንት ግን አንድ የዛሪማ ነጋዴ ለልጁ ሽማግሌ ልኮ አባቷ ለቅዳሜ ቀጥረውታል። ሌሊቱን ስትገላበጥ ነው ያደረችው።

«ስማ ናስር፣ ባትሪ እኮ ሳይሠራ መደርደሪያ ላይ ከቆየ ይሞታል። እስከ ዓርብ ካልመረጥክ ከእንግዲህ አትምጣ።»

«ምነው ዓርብ?»

«ቅዳሜ አባባ ለዛሪማ ሰዎች መልስ ይሰጣሉ። ስለ እኔ።»

ናስር ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ የመጀመሪያውን ገጽ አሳያት። «ስድስት፣ ውሃ የማይጨመርበት» ይላል፤ ቀኑ መስከረም ሦስት ነው። ሌላው ገጽ ባዶ ነው።

«የመረጥኩት መጀመሪያ በመጣሁ ቀን ነው። ከገዛሁማ በምን ሰበብ ልምጣ?»

ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። «አንተ ጅል! ሁለት ወር ሙሉ አንጀቴን ስታሳርረው!»

«እወድሻለሁ ሰልማ። ፈርቼ ነው።»

«እሱን ለአባባ ንገራቸው። ሽማግሌ ላክ።»

ሐሙስ፣ ሰልማ በሌለችበት፣ ናስር ከሐጂ ባትሪ ገዛ። ገንዘቡ የበቃው ግን ለአምስት ነው። ስድስተኛውን ግቢው ውስጥ ከተጣለ አሮጌ ዕቃ አንስቶ ገጠመው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኼኔ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ሊደርስ ሲል፣ ቮልሷ ሦስት ሽማግሌዎች ይዛ ድምፅ ሳታሰማ ደጃፉ ላይ ቆመች። ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር አይመጣም፤ ነገር ግን ከናስር በቀር የሚነዳት የለም፤ ምን ይደረግ? እሱ አንገቱን ደፍቶ መሪው ላይ ቀረ። አያ ዐብዱልከሪም፣ ትልቁ ሽማግሌ፣ የመጡበትን ተናገሩ።

«ልጁ ሸጋ ነው» አሉ ሐጂ። «ሥራው ግን ሕልም ይሁን እውነት አላውቅም። እኔ የማውቀው አንድ ፈተና ነው።» ስድስት አምፑል አምጥተው በስድስቱ ባትሪ ላይ አሰሩ። «ከሶላት ስንመለስ ስድስቱም ከበሩ እንነጋገራለን። አንዱ ከደበዘዘ፣ ነገ ለዛሪማ ሰዎች እሺ እላለሁ።»

ወንዶቹ ሁሉ ወደ መስጊድ ሄዱ። ናስር ፊቱ አመድ መስሎ ተከተላቸው።

ሰልማ ብቻዋን ቀረች። ትገባለች፣ ትወጣለች። ጥቂት እንደቆየ ስድስተኛው አምፑል ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ እንደ ፍም ቀላ። ጎንበስ ብላ ባትሪውን አየችው፤ ጫፉ የነጣ አሮጌ ነው።

«ያ ረቢ! ምን ነካው ይኼ ሰው!»

ብትተወው ዛሪማ ናት። ብትቀይረው አባቷን ማታለል ነው። እንደገና ገባች፣ እንደገና ወጣች። በመጨረሻ አዲሱን ቀሚሷን ሰብስባ ከመደርደሪያው አንድ ባትሪ ተሸከመች።

ሐጂ ተመልሰው አምፑሎቹን አንድ በአንድ አዩ። ስድስቱም ቦግ ብለዋል።

«ለዚህ ልጅ የሸጥኩት አምስት ነው» አሉ።

ናስር ወደፊት ወጣ። «ስድስተኛው አሮጌ ነበር ሐጂ። ገንዘብ አጠረኝ፤ ልነግርዎትም አፈርኩ። እስካሁን እንዴት እንደበራ አላውቅም።»

«እኔ ነኝ የቀየርኩት አባባ» አለች ሰልማ ከበሩ። ቀሚሷ በግራሶ ቅባት ጠቁሯል። «ልደብቅዎት ነበር፤ አልቻልኩም።»

ሐጂ ቀሚሱን አዩ፣ ጥጉ ላይ የተቀመጠውን አሮጌ ባትሪ አዩ፣ ናስርን አዩ።

«አያ ዐብዱልከሪም» አሉ በመጨረሻ፣ «ለዛሪማው ልጅ አምፑል እንኳ አትቀይርለትም ነበር። በሉ ዱዓ አድርጉ።»

ሰልማ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። እጇን ስታነሳ ጉንጮቿ ላይ አሥር ጥቁር ጣት ታትሞ ነበር፤ ናስር ሽማግሌ ፊት መሆኑን ረስቶ ሳቀ።