ጠራዡና የአንባቢዎቹ መዝገብ

«እና አያቴ፣ ሰላይ ነው ብለሽ የጠረጠርሽውን ሰው ነው ያገባሽው?» አለች የልጅ ልጇ እየሳቀች።

አያትየው አልሳቀችም። በጦርነቱ ዘመን የሠራችበት ቤተ መጻሕፍት ሊፈርስ ነው ቢባል ለመጨረሻ ጊዜ ልታየው መጥታ፣ በባዶዎቹ መደርደሪያዎች መካከል ቆማለች።

«ያኔ እንኳን ሰው፣ ጥላዬንም አላምን» አለች።

ያኔ ከተማዋን የያዘው ጦር የተከለከሉ መጻሕፍት ያነበበውን ሁሉ እያደነ ያስር ነበር። የአንባቢዎቹ ስም የሰፈረበት መዝገብ ያለው ደግሞ እሷ መሳቢያ ውስጥ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ መጽሐፍ ጠራዥ ተቀጠረ። መርፌና ክሩን ይዞ ጥግ ይቀመጣል፤ ቀና ባለች ቁጥር ዓይኑ እሷ ላይ ነው። «ይሄስ ጆሮ ጠቢ ነው» አለች በልቧ። ክፋቱ፣ ዓይኑ ያምር ነበር።

«የአንባቢ መዝገብ አላችሁ?» አላት አንድ ቀን።

«ምን ሊያደርግልህ?»

«እንዲያው ነው።»

ጀርባዋን አዞረችበት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መሳቢያውን ብትስብ፣ መዝገቡ የለም። መሳቢያውን ሳትዘጋ ወታደሮች ገቡ። መደርደሪያውን አራገፉ፣ ወለሉን ፈነቀሉ። አዛዡ የጠራዡ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ይጮሃል። እሷ ጠራዡን ብቻ ታያለች፤ አሁን ይናገራል፣ አሁን ያወጣዋል ስትል እሱ መስፋቱን አላቋረጠም። ወታደሮቹ ባዶ እጃቸውን ወጡ።

«የት አደረስከው?» አለችው።

ጠራዡ፣ አዛዡ ክንዱን አሳርፎበት ከነበረው የመጻሕፍት ክምር ላይ አንድ የከብት እርባታ መጽሐፍ አንስቶ ገለጠው። ከሽፋኑ ስር የተሰፋው መዝገቡ ነው።

«እኔን ልታድን ብለህ?»

«አልዋሽሽም፤ የደበቅሁት ካንቺ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ስሞቹን በጣትሽ እየተከተልሽ ስታነቢ አይቼ፣ ልታስይዛቸው ነው አልኩ። አራተኛው ገጽ ላይ የወንድሜ ስም አለ።»

«እኔ እኮ ማን እንደታሰረ፣ ማን እንደተረፈ እያየሁ ነበር!»

ሳቅ ጀመራት፤ ሳቁ ወደ እንባ ሲዞር እጇን ያዘ። አልነጠቀችውም።

መዝገቡን እሱ ሙጫ በሚያሞቅበት ምድጃ ገጽ በገጽ አቃጠሉት። አራተኛውን ገጽ ግን ራስህ ጣለው ብላ ለእሱ ሰጠችው።

«ከዚያ ወዲያ አመንሽው በቃ?» አለች ልጅቷ።

«ኧረ ወዲያ! ጦርነቱ እስኪያልቅ ስሰልለው ኖርኩ» አለች አያትየው፣ አሁን እየሳቀች። «ስንጋባ ሚዜ የሆነው ያ ወንድሙ ነው።»