የማክሰኞው ወረቀት

ልጅቷ ሰማያዊው የልምምድ ፍራሽ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ለደቂቃ አረፍ ያለች ትመስል ነበር። በዚያ ሐሙስ መርማሪ ዴልፊን ጊድሪ አጠገቧ ስትደርስ የአምቡላንስ ሰዎች ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነው። አንደኛው ቀና ብሎ አያትና ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ሬይሊን ስቶቫል ትባላለች፤ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ልጆች በቡድን አክሮባት በሚወዳደሩበት በካንዲስ ሎፍቲን የቺርሊዲንግ ጂም ውስጥ «በራሪ» ነበረች። ሦስት ልጆች ከሥር ሆነው ወደ ላይ ይሰዷታል፤ እሷ በአንድ እግሯ ቆማ ጥርሷን ለዳኞች ታሳያለች።

ዴልፊን ጉልበቷ እያጉረመረመባት ተንበረከከችና ፍራሹን በመዳፏ ተጫነችው። እንደ ሊጥ ሰመጠ። ከልጅቷ ራስ አጠገብ ሮዝ የውኃ ኮዳ ወድቋል፤ ስሟ በወፍራም ቀለም ተጽፎበታል፤ በስሟ ውስጥ ያለችው የእንግሊዝኛ «ዋይ» ፊደል ጅራት ከስሙ ሥር እስከ መጨረሻው ድረስ ተስቦ እንደ ሪባን ተጠቅልሏል።

«ከምን ያህል ከፍታ ወደቀች?»

«ከወገባችን» አለ አሠልጣኙ ዳልተን ሪቭስ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከንፈሩ ወረቀት መስሏል። «ገና ማንሳት መጀመራችን ነበር። እምልልዎታለሁ እትዬ ዴልፊን፣ ከአልጋ የመውደቅ ያህል እንኳ አይሆንም።»

ዴልፊን በምሥራቅ ቴክሳስ በዚያች ጥግ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ፈረስ የጣለውን፣ የጭነት መኪና የጨፈለቀውን፣ የነዳጅ ጉድጓድ የበላውን አይታለች። ከወገብ ከፍታ ፍራሽ ላይ ወድቆ የሞተ ጤነኛ ልጅ ግን አላየችም።

ሰኞ ረፋድ ላይ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ።

«ሁለት ጉዳት ነው ያለው። የሐሙሱ ኢምንት ነው፤ ሌላ ልጅ ብትሆን ተነሥታ ትስቅ ነበር። ከሱ በፊት ግን ሳምንት ያለፈው ደም ጭንቅላቷ ውስጥ ተቋጥሯል። ያቺ ልጅ ያን ሁሉ ቀን ራሷን ሲያማት፣ ሲያስመልሳት፣ ብርሃን ሲወጋት ነው የቆየችው።»

«ሐኪም አይቷት ቢሆንስ?»

«ያየ ሐኪም ወደ ጂም አይመልሳትም።»

ዴልፊን ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ወደ ጂሙ ነዳች። ካንዲስ ሎፍቲን ቢሮዋ ውስጥ ዶሴውን አዘጋጅታ ነበር የጠበቀቻት። አርባ አምስት ዓመት የሆናት፣ ፀጉሯ የማይነቃነቅ፣ ፈገግታዋ በሐዘን ጊዜም የማይለያት ሴት ናት። ከጀርባዋ ግድግዳው ዋንጫ በዋንጫ ነው።

«ወረቀታችን ሙሉ ነው፣ እትዬ ዴልፊን። ሬይሊን ፌብሩዋሪ አምስት፣ ረቡዕ፣ ወድቃ ነበር፤ አልደብቅም። ወዲያው አስቆምናት። ሐኪም ሲፈቅድ መለስናት። ይኸው።»

አንድ ገጽ ነው። ሬይሊን ስቶቫል፤ ክብደት 91 ፓውንድ፤ ያለ ምንም ገደብ ወደ ልምምድ መመለስ ትችላለች። የዶክተር ዊትሎው ፊርማ፤ የምርመራ ቀን ፌብሩዋሪ 11። ጥጉ ላይ «ደርሷል፣ ፌብሩዋሪ 10» የሚል የጂሙ ቀይ ማኅተም። ዴልፊን ሁሉንም ማስታወሻዋ ላይ ገለበጠችና ወረቀቱን በላስቲክ አሽጋ ያዘች። ከበሩ አጠገብ የተለጠፈውንም ደንብ አነበበች፤ ራሱን የተመታ ልጅ የሐኪም ወረቀት ሳያመጣና ስድስት ቀን ሳይሞላው ወደ ላይ አይነሣም ይላል።

«የልጆቹ ወረቀት ያለበት ሣጥን ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔ ዘንድ ብቻ። ሥራ ሲኖር መሳቢያው ላይ ሰክቼው እውላለሁ፤ ዳልተን ግን እዚህ ቢሮ አይገባም፤ ቡና ይደፋብኛል።»

ዶክተር ዊትሎው ክሊኒኩ ውስጥ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ አየው።

«ፊርማው የኔ ነው፤ ወረቀቱ ግን የኔ አይደለም። ሬይሊን የምትባል ልጅ አልመጣችብኝም። ስሟ ዙሪያ ያለችውን ጥላ አየሻት? የሌላ ሰው ስም፣ ክብደትና ቀን በነጭ ልጣፍ ተሸፍኖ፣ ላዩ ላይ ተጽፎ፣ ከዚያ ኮፒ ተደርጓል። ባለፈው ዓመት ለዚያ ጂም የጻፍኩት ለአንዲት ልጅ ብቻ ነው፤ ኬምብሪ ትባላለች።»

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ሆነ፤ ወረቀቱን ማን ሠራው?

ትዊላ ስቶቫል፣ የሬይሊን እናት፣ ጠዋት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት፣ ከሰዓት የርካሽ ዕቃ መደብር ትሠራለች። ዴልፊንን በር ላይ ተቀብላ ወንበሯ ላይ እንደ ከረጢት ተዘረረች።

«ሐኪም ቤት ወስደሻት ነበር?»

«ለምን ብዬ? ጉንፋን ነው አለችኝ። "እማ፣ መብራቱን አጥፊልኝ" አለችኝ፣ አጠፋሁላት። "መብላት አልፈልግም" አለችኝ። ዕድሜዋ ነው አልኩ።» ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «መውደቋን ማን ነገረኝ? ማንም!»

«ክብደቷ ስንት ነበር?»

«ዘጠና ሰባት። የገና ሰሞን ነው የተመዘነችው። ደግሞ እያደገች ነው፣ መቶ ሳትሞላ አትቀርም።» ከዚያ ሳትጠየቅ ቀጠለች። «ለዓመቱ ሰባት ሺህ ዶላር ነው፣ እትዬ ዴልፊን። ልብሱ፣ ጉዞው፣ ሆቴሉ። የአባቷን መኪና ሸጥኩ። አንድ ውድድር ካመለጣት ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል፤ የተከፈለው አይመለስም። ውሉ ላይ አለ። ፈርሜያለሁ።»

ዳልተንን ያገኘችው ከጂሙ ጀርባ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነው።

«ያን ረቡዕ ከላይ ነው የወደቀችው። ራሷ የኬምብሪን ክርን መታ። ተነሥታ ሳቀች እኮ! ለካንዲስ ነገርኳት፤ "ወረቀት እስክታመጣ አታነሷት" አለችኝ። ሰኞ ወረቀቱ መጣ ተባለ። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ለእናቷስ?»

«ወላጅ የምታናግረው ካንዲስ ናት።»

«ማሠልጠን የተማርከው የት ነው?»

«ኮሌጅ ውስጥ ቺር ሠርቻለሁ።»

«መሥራት አላልኩህም፤ ማሠልጠን።»

አንገቱን ደፋ። «ኮምፒውተር ላይ፣ ግማሽ ቀን። ጥያቄውን ከሳቱት እንደገና መሞከር ይቻላል።»

«የጭንቅላት ጉዳት ምልክቶቹን ንገረኝ።»

«ራስን መሳት...» ሁለተኛ ጣቱን ዘረጋ። «ራስን መሳት።»

«ልጆቹን ትመዝናለህ?»

«በራሪዎቹን፣ ዓርብ ዓርብ። ከኔ ሌላ ቁጥሩን ካንዲስና ልጅቷ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። "ለወላጅ ከነገርክ ጭቅጭቅ ነው" ብላኛለች።» ስልኩን አወጣና የመጨረሻውን ዓርብ አሳያት። ሬይሊን፣ 91።

ቀጥላ ኬምብሪን አገኘች፤ ከሥር ከሚሸከሙት አንዷ፣ ዐሥራ አራት ዓመቷ። አባቷ ከጎኗ ተቀምጧል።

«ክርኔ ነው የገደላት?»

«አይደለም የኔ እናት። ባለፈው ዓመት ከሐኪም ያመጣሽው ወረቀት የት ነው ያለው?»

«ካንዲስ ቢሮ። እጄ ተሰብሮ... አይ፣ ራሴን ተመትቼ ነበር፤ አዎ። ሬይ ጠይቃኝ ነበር፤ "ያንቺ ወረቀት ምን ይመስል ነበር?" ብላ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮውን ታጸዳ ነበር፤ ካንዲስ ከክፍያዋ ትቀንስላታለች። እናቷ አታውቅም። እኛ "መጥረጊያዋ" እያልን እናበሽቃት ነበር።» ወደ አባቷ ዞረች። «ትስቅ ነበር ግን። ስንላት ትስቅ ነበር።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዴልፊን ሁሉንም ጂሙ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሚታጠፉ ወንበሮች ፍራሹ ላይ ክብ ተደረጉ። ትዊላ በአንድ በኩል፣ ካንዲስ ፊት ለፊቷ፣ ዳልተን ጥግ ይዞ፣ ኬምብሪ ከአባቷ ጋር።

«ሐሙስ ዕለት የገደላት የሐሙሱ መውደቅ ብቻ አይደለም» አለች ዴልፊን። «ቀድሞ ታማ ነበር። የታመመች ልጅ ወደ ላይ የተነሣችው በአንዲት ወረቀት ነው፤ ወረቀቷም ሐሰት ናት። ከኬምብሪ ወረቀት የተገለበጠች።»

ትዊላ ወደ ካንዲስ ዞረች። «አንቺ ነሽ! ዋንጫ እንዳያመልጥሽ!»

«እኔ? ልጅሽን ሐኪም ቤት ያልወሰድሽው አንቺ!»

«ተዉ» አለች ዴልፊን፤ ድምጿን ሳታነሣ። «ትዊላ አይደለችም። ወረቀቱ ላይ ያለው ክብደት ዘጠና አንድ ነው። እናትየው ዘጠና ሰባት ነው የምታውቀው። ዘጠና አንድን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው።»

«ዘጠና አንድ?» አለች ትዊላ። ዴልፊን ቀጠለች።

«ዳልተን ያውቃል፤ ነገር ግን ቢሮ አይገባም፤ ሥራ የጀመረውም ባለፈው ኦገስት ነው፤ የኬምብሪ ወረቀት መኖሩንም አያውቅም። ካንዲስ ቁልፉም ሣጥኑም አላት። ግን ካንዲስ ብትሠራው ቀኑን አታበላሽም። እዚህ ሀገር ወረቀት የሚፈራ ሰው ቢኖር እሷ ናት።»

ለኬምብሪ ቀድሞ ገባት፤ አፏን በመዳፏ ከደነች።

«ቅዳሜ ቁልፉ ተሰክቶ ሳለ ቢሮውን ያጸዳችው፣ ክብደቷን የምታውቀው፣ የጓደኛዋን ወረቀት የጠየቀችው ሬይሊን ናት። ስሟን ስትጽፍ "ዋይ"ን ከሥር እስከ ጫፍ ትጠቀልላታለች። ኮዳዋም ላይ፣ ወረቀቱም ላይ። ራሷ ናት የጻፈችው።»

ትዊላ አልጮኸችም። ወደ ዴልፊን ጎንበስ አለች።

«ለምን?»

«"እማዬ ከእንግዲህ የምትሸጠው ነገር የላትም" ትለኝ ነበር» አለች ኬምብሪ እያለቀሰች። «የሚቀጥለው ቅዳሜ ውድድር ነበር። ሐኪም ከሄደች እንደሚያስቀራት ታውቃለች።»

ካንዲስ በረጅሙ ተነፈሰች። ትከሻዋ ወረደ። «እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር። እንግዲህ... እኛ ተታለናል ማለት ነው። የማናችንም ጥፋት አይደለም።»

ዴልፊን የወረቀቱን ፎቶ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«አንድ ነገር ቀርቶኛል። ደንቡ ስድስት ቀን ይላል። ልጅቷ ረቡዕ ወደቀች፤ ስድስተኛው ቀን ማክሰኞ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ማክሰኞ እንዳያት አድርጋ ጻፈች። ስትዋሽ እንኳ ደንቡን አከበረች። ወረቀቱን ያስረከበችው ግን ሰኞ ነው። አንቺም፣ ካንዲስ፣ ሰኞ "ደርሷል" ብለሽ አተምሽበት። ገና ያልመጣ ማክሰኞ የተደረገ ምርመራ ተቀበልሽ። በዚያው ቀን አስነሣሻት።»

የካንዲስ ፈገግታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ። «በቀን ስንት ወረቀት እንደማትም ያውቃሉ? አላየሁትም!»

«አይተሽዋል» አለች ኬምብሪ። አባቷ ክንዷን ያዘ፤ አስለቀቀችው። «እኔ እዚያው ነበርኩ። ወረቀቱን አየሽ፣ ሬይን አየሻት፣ ከዚያ "አየሽ? ከፈለጉ ይገኛል" አልሻት።»

«ቀጠሮ ማለቴ ነው! የሐኪም ቀጠሮ!»

ዳልተን ከጥግ ሆኖ «ሰኞ ስናነሣት ዓይኗን ጨፍና ነበር» አለ፤ ለማንም አልነበረም የሚናገረው። «ደክሟት መሰለኝ።»

ዴልፊን ወደ ካንዲስ ዞረች። «ወይ አላነበብሽውም፣ ወይ አንብበሽ ዝም ብለሻል። ሁለቱን የምለይበት መሣሪያ የለኝም።»

ትዊላ ቀና አለች። «ታዲያ ማንን ልታስሪልኝ ነው?»

ዴልፊን ፎቶውን ዶሴው ውስጥ መለሰች። «ዶሴውን ለዐቃቤ ሕግ እሰጣለሁ» አለች። ይህን ስትል ድምጿ ለራሷም ባዕድ ሆነባት።

ሰጠችም። በማግስቱ ደግሞ የሥራ ፈቃድ ወደሚሰጠው የመንግሥት ቢሮ ደወለች።

«የልጆች ቺር አሠልጣኝ ፈቃድ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ?»

«አይ፣ እኛ አይደለንም፣ እሜቴ። ፀጉር ቆራጭ፣ ጥፍር ሠሪ፣ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ... ቺር ዝርዝራችን ውስጥ የለም።»

«ከየትኛው ቢሮ ልጠይቅ?»

ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ ዝርዝሩን ገለበጠች። «እንጃ። ካገኙት ለኛም ይንገሩን።» ሳቀች፤ ክፋት አልነበረበትም።

ዐቃቤ ሕጉ ዶሴውን ኤፕሪል ላይ መለሰው። ሐሰተኛውን ወረቀት የሠራችው ሟቿ ናት፤ ሟች አትከሰስም። የቀኑ ስሕተት ቸልተኝነት ይሁን ዕውቀት ማረጋገጥ አይቻልም፤ የአንዲት ልጅ ቃል ብቻውን አይበቃም። የሞት ምክንያት፣ አደጋ። ዳልተን ሥራውን ትቶ መጋዘን ዕቃ መጫን ጀምሯል። ካንዲስ ለአዲሱ ዓመት ምዝገባ ከፍታለች፤ ቦታው ሳምንት ሳይሞላ ሞላ።

ዶሴው ሲዘጋ ወረቀቱ ለቤተሰብ ሊመለስ ይችላል። ዴልፊን ራሷ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ይዛው ሄደች። ትዊላ ሽርጧን እንዳደረገች፣ የጥበብ ሥራ እንደሚነካ ሰው ጣቷን ጠርጋ ተቀበለችው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች ዴልፊን። «ከዚህ ሌላ ያመጣሁልሽ ነገር የለም።»

«በእጇ የጻፈችው የመጨረሻ ነገር ይኸው ነው።» ትዊላ ስሙን አየችው፤ ከዚያ የክብደቱን ቁጥር። ቁጥሩ ላይ ቆየች። አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ደወል ተደወለ። በሩ ተበረገደና የሰባተኛ ክፍል ልጆች እየተጋፉ ገቡ። ትዊላ ጓንቷን አጥልቃ ትሪዎቹ ጀርባ ቆመች። ከተሰለፉት አንዷ፣ ክንዷ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ልጅ፣ ሳህኗን ዘርግታ «ትንሽ ብቻ፣ እባክሽ» አለቻት።

ትዊላ ጭልፋውን ሞልታ ገለበጠችላት። ደገመችላት።

«ብዪ» አለቻት።