ዓይንሽን እንዳትነቅዪ

ሁለት ጥቁር ጃንጥላዎች በመድኃኒት ቤቱ በር ላይ ጎን ለጎን ተንጠልጥለዋል። አንዱ የእሷ ነው። ሌላው የአጎት።

ስትወጣ የእሱን ይዛ ትወጣለች፤ እሱ ደግሞ የእሷን። በእሷ ጃንጥላ እጀታ ውስጥ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ በማስቲካ ተለጥፋለች።

«ሳሉ አልለቀቀሽም?» አለ አጎት፣ ከኋላዋ እንደ ማንም ተሰልፎ።

«ለመድኩት።»

ማንም አልተከተለኝም ማለቷ ነው።

አጎት አጎቷ አይደለም። የስለላ አለቃዋ ነው። እሱና የላኳት ሰዎች «ክር» ይሏታል። በቅየሳ ድርጅቱ ውስጥ ግን ስሟ «እትዬ» ነው፤ ሥራዋ በድሮን መሬት ሲቀየስ ቆማ ሰማይ ማየት። የተላከችው፣ ከኮረብታው ጀርባ ያለውን የጦር መጋዘን ፎቶ አንድ ሰው በቅየሳ ስም እያነሣ ለውጭ ይሸጣል ስለተባለ ነው። ሰውየውን ፈልጊ አሏት። ገባች።

«ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ የእርሻ ፎቶ ነው» አለች ሳትዞር። «መጋዘኑ የለበትም። የድሮኑ አብራሪ ንጹሕ ነው።»

«አብራሪው ነው ሰውዬው። ደርሰንበታል።»

«ኧረ እሱ! ከፈቃዱ ድንበር አንድ ክንድ አያልፍም እኮ። በየጥጉ ድሮኑን ሳያቆም፣ ድንበሩን ሳያረጋግጥ አያዞርም። ባትሪ ጨረስክ ተብሎ በየቀኑ ይሰደባል። እርስዎ አያውቁትም።»

«ስሚኝ። ነገ ድሮኑ ኮረብታው ጋ ሲደርስ ዓይንሽን ንቀይ። ፀሐይ ወጋኝ፣ ጠፋብኝ በይ። ሌላው የእኛ ሥራ ነው።»

«እሱስ?»

«እስር ቤት ይበሰብሳላ። ምን አገባሽ አንቺ?»

ምን አገባት። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ደስታም ንዴትም ከጎረቤት ቤት እንደሚሰማ ሬዲዮ ነው የሚሆንባት። እንዳለ ታውቃለች። ቃሉ አይለይም። ለዚህ ሥራ የመረጧትም ለዚሁ ነው።

የሳል ሽሮፕ ገዝታ የእሱን ጃንጥላ አንሥታ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ጥቁርና ነጭ ምልክት ያለባቸውን ሸራዎች በእርሻው ማዕዘናት ዘርግታ ድንጋይ ጫነችባቸው። ፎቶዎቹ ከመሬቱ ጋር የሚገጣጠሙት በእነሱ ነው። የድርጅቱ ባለቤት፣ በሌለበት «መነጽር» የሚሉት፣ ድሮኑን ዛሬ እኔ ራሴ አዘጋጀዋለሁ ብሎ መኪናው ውስጥ ይዞት ቆየ። ጨርሶ ለአብራሪው ሰጠውና ደህና ዋሉም ሳይል ሄደ።

«ዛሬ ምን ነክቶታል?» አለች።

«ደግ ሆኗል። ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ» አለ አብራሪው። እውነተኛ አውሮፕላን ተሳፍሮ እንኳ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሁሉም ግን «ካፒቴን» ይለዋል። ሪሞቱ ጀርባ ላይ ገና ጥርስ ያላወጣች የሕፃን ልጁን ፎቶ ለጥፏል።

ስልኩን አውጥቶ ደወለ። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ የዛሬው ፈቃድ አዲስ ግዴታ አለበት፤ ድሮኑ ተነሥቶ እስኪያርፍ ድረስ ከበረራ መቆጣጠሪያው ማማ ጋር ስልክ ክፍት ይሁን፣ ድምፁም ይቀዳ ይላል። መነጽር ይህን አያውቅም። ፈቃድ አያነብም፤ ማኅተሙን ካየ ይበቃዋል።

«ካፒቴን፣ ዛሬ ስንት መንገደኛ ጫንክ?» አለች የማማዋ ተረኛ።

«አንድ ካሜራ። ሻንጣ የለውም።»

ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲሰማ አድርጎ ከመነጋገሪያ ሬዲዮው ጎን አስቀመጠው። የሬዲዮው መንትያ እትዬ ደረት ላይ ተንጠልጥሏል። ሕጉ እንዲህ ነው፤ እሱ ስክሪኑን ያያል፣ እሷ ሰማዩን። ድሮኑ ከዓይኗ ከጠፋ ሥራው ይቆማል።

«እትዬ፣ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ!»

«እንዴት ብዬ ልንቀለው? ተክዬው እኮ ነው የቆምኩት።»

ሳቀ። ድሮኑ እንደ ትልቅ ዝንብ እያጓራ ተነሣ።

እርሻውን በትልም በትልሙ አረሰው። በየጥጉ ቆመ። ዞረ። የመጨረሻው ጥግ ኮረብታው ሥር ነው።

አልቆመም።

«ምን ሆነሃል?» አለ አብራሪው ለድሮኑ። ከዚያ ጮኸ። «እትዬ፣ ሪሞቴ አይሰማኝም! ሌላ ሪሞት ወስዶታል! ወደ መጋዘኑ እየሄደ ነው!»

ፀሐይዋ ከኮረብታው በላይ ነበረች። አጎት እንዳለው በትክክል ትወጋለች።

ዓይንሽን ንቀይ።

አልነቀለችም።

ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም። አላዘነችም፣ አልተቆጣችም። ሥራዋ ማየት ነው፣ አየች። እያየች ሮጠች። ዓይኗ ሰማይ ላይ ስለሆነ እግሯ ያገኘውን ረገጠ፤ ወደቀች፣ ተነሣች፣ አሁንም ቀና ብላ ሮጠች። ከኮረብታው አናት ላይ ሆና ድሮኑ መጋዘኑን ሲዞር አየች። ከዚያ ተመልሶ ድንጋይ ይፈለጥበት ወደነበረው የተተወ ጉድጓድ አመራ።

እዚያ አንድ ሰው ቆሟል። ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ሪሞት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ።

ጃንጥላው የእሷ ነው፤ ትናንት ከመድኃኒት ቤቱ የተወሰደው።

ቁልቁል ወርዳ ፊቱ ቆመች፤ አውራ ጣቷ የደረቷን ሬዲዮ ቁልፍ ተጫነ። አልለቀቀችውም።

«ንቀይ አላልኩሽም?» አለ አጎት።

«አልነቀልኩም።»

«ደረቅ ሴት! መቼም የተባልሽውን አትሠሪም።»

«ሻጩ አንተ ነህ።»

ከተዋወቁ ጀምሮ አንተ ብላው አታውቅም። እሱም ልብ አለ።

«ብሆንስ? ፈቃድ ያለውን ድሮን ማን ይጠረጥራል? ጠፋ ሲባልም የሚጠየቀው አብራሪው ነው። መነጽር ድሮኑን ከሪሞቴ ጋር አገጣጠመልኝ፣ አለቀ። አንቺም ድርሻሽን ታገኛለሽ።»

«እኔን ለምን አስገባኸኝ?»

«ምስክር ያስፈልጋላ! ፀሐይ የወጋት ምስክር።»

ድሮኑ በሁለቱ መካከል ወረደ። ክንፎቹ እየተሽከረከሩ ነው። አጎት ሪሞቱን በጣቱ እየነካ አንድ እርምጃ ቀረበ።

ቀደመችው።

በግራ እጇ ከአየር ላይ ቀለበችው። ክንፎቹ ጣቶቿን መቱ። ደሙ ፊቷ ላይ ሲረጭ የሌላ ሰው ደም መሰላት። ድሮኑን ገልብጣ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ዝም አለ።

አጎት ሽጉጥ አወጣ።

«አምጪ።»

አውራ ጣቷን ከሬዲዮው ቁልፍ ላይ አነሣች።

«እትዬ!» አለ የአብራሪው ድምፅ ከሬዲዮው። «ሁሉንም ሰምተናል! ማማው ሰምቷል፣ ተቀድቷል! የመጋዘኑ ጠባቂዎች እየመጡልሽ ነው፤ ሰውዬውን አትጠጊው!»

አጎት ሬዲዮውን አየ። እሷን አየ። ከላይ የመኪና ድምፅ መጣ።

ሽጉጡን እንደ ደከመው ሰው ቁልቁል አደረገ።

«የአንቺም ድምፅ ተቀድቷል» አለ። «ክር ከእንግዲህ የለችም።»

«አውቃለሁ» አለች።

ወታደሮቹ አጎትን ሲጭኑት፣ መነጽርም ከቢሮው እንደተያዘ ሲወራ፣ አብራሪው ከምልክቱ ሸራ ቀድዶ እጇን ያስር ነበር። ጎበዝ አሳሪ ነው። እሷ ግን ጨርቁ ሲጠብቅ አልተሰማትም።

«እትዬ… ከመጀመሪያው እኔን ነበር የምትሰልዪው?»

«አዎ።»

«የልጄን ፎቶ ሳሳይሽም?»

«ያኔም።»

«ስሟ ማን ይሁን ብዬ ሳማክርሽ? አንቺ ያልሽውን ስም እኮ ነው ያወጣንላት።»

ዋሽታ ብታጽናናው ደስ ባላት፣ ግን የሚሆን ውሸት አልመጣላትም። እሱ ቋጠሮውን ጨረሰ፣ ሁለቴ አጠበቀው፣ ተነሥቶ ሄደ። ነጻ ሰው ነው፤ ማንም አልያዘውም። ዞር ብሎም አላያትም።

አሁን ሌላ ከተማ ናት። ሌላ ስም አላት። በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ትተኩሳለች፣ ታጥፋለች። ሁለቱ ጣቶቿ ሞተዋል፤ ካውያው ሲያቃጥላቸው በጠረኑ ነው የምታውቀው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከጣሪያው በላይ ጉርምርምታ መጣ። ከጀርባ ያለው ባዶ መሬት ሊቀየስ ነው። ሴቶቹ ሳሙናቸውን ጥለው ወደ ግቢው ሮጡ።

«ነይ እንጂ! ድሮን ነው! አይተሽ አታውቂ!»

ካውያውን እንደያዘች ጆሮዋን ሰጠች። ድምፁ ሄደ፣ ሄደ፣ ጥጉ ላይ ደረሰ። ቆመ። አንድ ትንፋሽ ያህል ባለበት አጓራ።

ከዚያ ዞረ።

«አንቺ ገገማ! ምናለ ቀና ብትዪ?»

«ፀሐይ ይወጋኛል» አለች።

ሁለተኛው ጥግ ላይም ቆመ። አዳመጠች። አዲስ አንሶላ ዘረጋች፣ ጠርዙን ከጠርዙ አገጣጠመች፣ ዓይኗን ከነጩ ጨርቅ ላይ አልነቀለችም።