በሃርላን ሳጥን ውስጥ የገባችው ጥይት

ሃርላን ትቬት በተኩስ ክበቡ ሜዳ ላይ በጀርባው ተዘርሮ ነበር። ጠመንጃው ፊቱ ላይ ፈንድቷል። መርማሪ ሎሬታ ቢሴት አጠገቡ ተንበርክካ ከተሰነጠቀው ብረት ውስጥ ቀለሁን ፈልቅቃ አወጣች፤ ቂጡን አገላብጣ አየችና በላስቲክ ከረጢት ከተተችው።

«በተተኮሰ ቀለህ ባሩድ እየጨመረ ጥይቱን ራሱ ነበር የሚሞላው» አለ የሟቹ ሚስት ወንድም ዴል። «እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። እንደኔ ከሱቅ ግዛ ብለው አልሰማኝም። ባሩድ አብዝቶ ነው።»

የአሜሪካዋ ሞንታና ሰው ሁሉ ኤልክ ለሚባለው ትልቅ አጋዘን አደን ጠመንጃውን የሚፈትሽበት ሰሞን ስለነበር ወሬው በዚያው ጸና፤ ሽማግሌው ተሳስቷል ተባለ።

ሎሬታ ግን የሟቹን ሚስት ኦፓልን ይዛ ሃርላን ጥይት ይሞላበት ወደነበረው ጎጆ ገባች። በመደርደሪያው ላይ የካፕሱል ፓኮዎች ተደርድረዋል፤ በውስጣቸው በቀለሁ ቂጥ ተገጥመው ባሩዱን የሚያቀጣጥሉት፣ ምስር የሚያካክሉ ቆቦች አሉ። ሁሉም ብርማ ናቸው።

«እኔን ሲያገባ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም» አለች ኦፓል። «አንድ ክረምት ሙሉ ሁሉንም ሞከረ። በብርድ የማታሳፍረኝ ይቺ ናት አለ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ዓይነት እዚህ ገብቶ አያውቅም።»

«ከማን ጋር ነበር የሚተኩሱት?»

«ከዴልና ከጎረቤታችን ከኬርሚት ጋር።» ድምጿ ዝቅ አለ። «የኬርሚት ልጅ ኔልስ ከዓመታት በፊት ከሃርላን ጋር አደን ወጥቶ ጠመንጃው ፈንድቶበት ነው የሞተው። ያን ጠዋት ሃርላን ከራሱ ጥይት ሰጥቶት ስለነበር ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› እንዳለ ኖረ። ኬርሚት ግን ይቅር ብሎናል።»

ኬርሚት መርማሪዋን በቤቱ፣ ጥይት በሚሞላበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀበላት።

«ካፕሱል የሚመርጡት የትኛውን ነው?»

«እንደ ሃርላን ብርማዋን ነዋ፣ ልጄ። ያስተማረኝ እሱ አይደል?» ገና ያልተከፈተ ፓኮ አሳያት።

የሎሬታ ዓይን ግን ከመሙያው ማሽን ሥር ባለው ጣሳ ላይ አረፈ። ከአሮጌ ቀለሆች የተነቀሉ ካፕሱሎች ሞልተውበታል። ሁሉም ወርቅ የመሰሉ ቢጫ ነበሩ። አመስግናው ወጣች፤ ከቢሮዋ ዕቃ ግምጃ ቤትም አንድ አሮጌ የማስረጃ ከረጢት አስወጣች።

በማግስቱ ዴልን፣ ኦፓልንና ኬርሚትን በክበቡ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሃርላንን የገደለችው ጥይት ካፕሱሏ ቢጫ ነበር» አለች። «በሳጥኑ የቀሩት በሙሉ ብርማ ናቸው። ስለዚህ እሱ አልሞላትም፤ ሌላ ሰው ነው ባሩድ አብዝቶ ሞልቶ የጨመረበት። ዴል፣ አንተ ከሱቅ ነው የምትገዛው፤ መሙያም የለህም። ኦፓል፣ እርስዎ ቤት ቢጫ የለም። አቶ ኬርሚት፣ ያሳዩኝ ፓኮ አልተከፈተም። ጣሳው ግን ለዓመታት የተጠቀሙበትን ይዟል። ለምን ዋሹኝ?»

«ልጄን ፊቱን ሳላይ ነው የቀበርኩት» አለ ኬርሚት። «ሃርላን ደግሞ በየሳምንቱ እዚህ ቁጭ ብሎ ቢራ ይጠጣል። እኔም ቀኑን እየጠበቅኩ አብሬው ጠጣሁ። እንደ ልጄ እንዲሞት ነበር የፈለግኩት። ሞተ። ዛሬም ቢሆን ደግሜ አደርገዋለሁ።»

ሎሬታ አሮጌውን ከረጢት ከፍታ የተቀደደ ቀለህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ ከኔልስ ጠመንጃ የወጣው ነው። ያኔ አደጋ ነው ተብሎ ተዘጋ፤ ቂጡን ያየ ሰው አልነበረም። ይዩት።»

ኬርሚት ጎንበስ አለ። ካፕሱሏ ቢጫ ነበረች።

«ሃርላን ከሰጠው ሌላ ኔልስ ጥይት ይዞ ነበር?» አለችው ሎሬታ።

«ከጠረጴዛዬ ላይ…» አለ ኬርሚት። «ያን ጠዋት እኔ የሞላሁትን እፍኝ ዘግኖ ወጣ። አንሺልኝ፣ ልጄ። እባክሽ ከፊቴ አንሺው።»

ሎሬታ እጇን ስትዘረጋ ኦፓል ያዘቻት።

«ተዪው» አለች። «ባሌ ባልሠራው ጥፋት ሲያለቅስ ነው የኖረው። ይየው።»

ከዚያ ቀለሁን በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ ወደ ኬርሚት አስጠጋችው።