ከጸሎት ቤቱ ሥር

ጋሼ ዘውዴ ኮሎምበስ ከተማ፣ ዋይንላንድ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ወደ ቤዝመንቱ፣ ወደ ምድር ቤቱ፣ ከሚወርደው ደረጃ ግርጌ ሞተው ተገኙ። ያገኘቻቸው ፎቁን የተከራየችው የመጋዘን ሠራተኛ ኑራ ናት። ፖሊሶቹ «ወድቀው ነው» ብለው ሊደመድሙ ሲሉ፣ መርማሪዋ ሮማን ኑራን ለብቻዋ ጠየቀቻት።

«መብራቱን ማን አበራው?»

«እኔ። ሺፍቴን ጨርሼ ስገባ ጠፍቶ ነበር።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

ማብሪያ ማጥፊያው ያለው ከደረጃው አናት ነው። ሮማን ወደ ሳሎን ወጣች። ጠረጴዛው ላይ ሟቹ በካርቶን የሠሩት ሕንፃ ቆሟል፤ ጣሊያኖች ምጽዋ ወደብ ዳር ለሙት ልጆች ያቋቋሙት፣ እሳቸውም ያደጉበት «የምሕረት ቤት» ነው። ታሪኩን እሁድ እዚያው አቅራቢያ ጋሃና በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናቸው ሊናገሩ ነበር። ከካርቶኑ ሕንፃ የጸሎት ቤቱ ወለል ግን ተገንጥሎ ተወስዷል።

ጋሼ ዘውዴን በሞቱበት ምሽት የጎበኟቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። ወጣቱ ፓስተር ያቤጽ «ንግግሩን ይተዉት ብዬ ለምኛቸዋለሁ» አለ። «የሰው ስም ሊያጠፉ ነበር።»

ሁለተኛው እዚያው «የምሕረት ቤት» ያደጉት፣ የተከበሩት ሽማግሌ ጋሼ ገብረኪዳን ናቸው። ሮማን በማግስቱ ጠዋት ስታነጋግራቸው ለለቅሶ የመጣውን ሥጋ እየበሉ ነበር።

«ያ ቤት አጉርሶ ያሳደገን ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ ጣታቸውን እየላሱ። «ምስኪን ዘውዴ! በዚያ ድቅድቅ ጨለማ መብራት ሳያበራ ወርዶ...»

«ከካርቶኑ ሕንፃ ላይ የጎደለ ነገር አለ። ምን ይሆን?»

«እዚያ ቤት ጉድጓድ የሚባል ነገር አልነበረም!» አሉና ሌላ ቁራጭ አነሡ።

ሮማን ቃላቸውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ከሰዓት በኋላ ኑራንና ሁለቱን ጎብኚዎች ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ወደ ቤዝመንት የሚወርድ ሰው መብራት ያበራል» ብላ ጀመረች። «የሞተ ሰው ደግሞ ተመልሶ ወጥቶ አያጠፋም። ያጠፋው ከላይ የቆመ ሰው ነው። ፖሊስ ሲደርስ መብራቱ በርቶ ስለነበር፣ መጥፋቱን የምታውቀው ኑራ ብቻ ናት። ጋሼ ገብረኪዳን፣ እርስዎ ግን ያውቁ ነበር።»

«እንዲያው ገምቼ...»

«ጉድጓዱንስ? እኔ የጠየቅሁት ምን እንደጎደለ ነው። ጉድጓድን ያነሡት እርስዎ ነዎት። የተገነጠለውን የወለል ካርቶንም ባልደረባዬ ከመኪናዎ ትራንክ አግኝቶታል።»

ኑራ እንባዋን ጠረገች። «ንግግሩን ሲለማመዱ እሰማ ነበር። ጣሊያኖቹ ከሄዱ በኋላም ቤቱ ልጆቹን ጨው ያሸክማቸው ነበር። የደከመ ልጅ ከጸሎት ቤቱ ሥር ባለው የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ይቆለፍበታል። ትንሹ ኤልያብ እዚያ ሞተ። ቁልፉን የያዘው ትልቅ ልጅ ዛሬ ኮሎምበስ አለ፤ እሁድ ስሙን እጠራዋለሁ ይሉ ነበር።»

ገብረኪዳን አፋቸውን በናፕኪን ጠረጉ። «ያኔ ሥርዓቱ እንደዚያ ነበር። ስሜን ብቻ አትጥራ አልኩት፤ እምቢ አለኝ። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

ይህን ያሉት ስለ ተሰበረ ብርጭቆ እንደሚያወራ ሰው ነው። ሮማን ፊቷን አዞረች።

«እህቴ» አለ ፓስተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለቤተ ክርስቲያኑ ስም ሲባል፣ ነገሩ እዚሁ በሽማግሌ ቢያልቅስ?»

ሮማን ከገብረኪዳን ይልቅ እሱን ለማየት ተጸየፈች። ፖሊሶቹን ጠራች። ሽማግሌው በካቴና ታስረው ሲወጡ ኑራ ጠጋ አለቻት።

«ንግግሩን በቃሌ ይዤዋለሁ። እሁድ እኔ ብናገረውስ? ግን ሙስሊም ነኝ፤ ያስገቡኛል?»

«በሩን እኔ ራሴ እከፍትልሻለሁ» አለቻት ሮማን።